የጀብራው ምስክር

በአባቴ ላይ የመሰከርኩት የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። መስክሬ ስጨርስ አንድ የማላውቀው ሰው ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አወጣኝና ሜዳውን ዞረ። እዚያ ላይ ሆኜ የሰፈራችንን የጀብራን ጣሪያዎች፣ የውሃ በርሜሎቹን፣ ነፋስ ያጎበጣቸውን አንቴናዎች ሁሉ ቁልቁል አየኋቸው። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ከፍ ብዬ አላውቅም።

ይኼ የሆነው በፈረንጆቹ 2010 ማለቂያ ላይ፣ የገና ጾም በገባ ሰሞን ነው። ካርቱም ያን ጊዜ የምታወራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሻይ ከምታፈላው ሴት ዙሪያ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ዳቦ ቤት በር ላይ፣ ክርክሩ ሁሉ ደቡብ ሱዳኖቹ ይገነጠላሉ ወይስ አይገነጠሉም ነው። ከቅያሳችን ጥግ የነበሩ የደቡብ ሰዎች አልጋቸውን፣ ቁም ሳጥናቸውን፣ የመስኮታቸውን ብረት ሳይቀር ነቅለው ጭነት መኪና ላይ ሲጭኑ ቆሜ አይቻለሁ። ልጆቻቸው ከጭነቱ ላይ ሆነው እጃቸውን ሲያወዛውዙልኝ እኔም አወዛወዝኩ። በበነጋው በራቸውን ሳንኳኳ ዋልኩ። ሰው የሚሄደው ሊመለስ ነው ብዬ አምን ነበር።

አባቴ ገብረየስ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር አንድ ወርክሾፕ ውስጥ የብረት በር በያጅ ነበር። ከኔ መወለድ በፊት ካርቱም ገብቶ፣ ዓረብኛውን እንደ አገሩ ሰው አድርጎ የሚናገር፣ ቤት ውስጥ ግን ዝምተኛ ሰው ነው። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ዳኛ ነው። የጀብራ፣ የካርቱም ሁለትና የባሕሪ ሰፈር አበሾች በየዓርቡ ኳስ ይጋጠሙ ነበር። ዓርብ የአገሩ የዕረፍት ቀን ነው፤ ለኛ የጾም ቀን። ተጫዋቾቹ እህል ውሃ ሳይቀምሱ ይውሉና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈትተው፣ አሥር ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ትንሽ ሰበር ስትል ሜዳ ይገባሉ። ሜዳው ሣር የለውም፤ አቧራና ጠጠር ነው። መስመሩን አባቴ ራሱ በኖራ ያሰምራል።

አባቴ በዳኝነቱ ስም ያለው ሰው ነበር። አንዴ እዚያው በሚኖርበት በጀብራ ቡድን ላይ በመጨረሻው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጥቶ፣ ከጨዋታው በኋላ እትዬ እጅጋየሁ ምግብ ቤት ሲገባ ሰው ሁሉ ጀርባውን ቢሰጠው፣ «ኳሷ እጁን ነክታለች። ሽሮዬን አምጡልኝ» ብሎ ቁጭ አለ ይላሉ። እኔም ትምህርት ቤት ስሜን የሚጠይቀኝ አበሻ ሲገኝ «ጥላዬ ገብረየስ፣ የዳኛው ልጅ» ነበር የምለው።

የኛ ሊግ ትልቁ ችግር የተጫዋች መጥፋት ነው። ግማሹ ተጫዋች መንገደኛ ነበር፤ የቀን ሥራ እየሠራ ወደ ሊቢያ የሚነሳበትን ቀን የሚጠብቅ። ረቡዕ ልምምድ ላይ የነበረ በረኛ ዓርብ ሲፈለግ በረሃ ገብቷል ይባላል። ስለዚህ የኮሚቴው ሰብሳቢ ሻምበል ጀምበሬ ደንብ አወጡ። ሻምበል የድሮ ወታደር ናቸው፤ ደንብ ማውጣት ይወዳሉ። መንገደኛ ሁሉ ነባር የሆነ ዋስ ካላቀረበ አይሰለፍም። ቀይ ካርድ የወጣበት ሰው ጉዳዩ በሚቀጥለው ዓርብ ይታያል። ጉዳዩ ሳያልቅ ከካርቱም ቢወጣ፣ ዋሱ በእሱ ፋንታ ድንጋይ ተሸክሞ በሦስቱም ሰፈር ሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቃል። ሻምበል ይኼን ሲያነቡ የሳቀ አልነበረም። ዋስ የሚባለውን ነገር እያንዳንዱ ከአገሩ ይዞት የመጣው ነውና።

ጥዑመልሳን ወደ ግቢያችን የመጣው ዝናቡ ትቶት የሄደው ውሃ ከቅያሱ ሳይደርቅ ነው። ከገዳሪፍ ያመጡት ሰዎች በወባ ሲንቀጠቀጥ እትዬ እጅጋየሁ በር ላይ አስቀምጠውት ሄደዋል። እሷ ዐሥር ቀን በአጃና በሎሚ አቆየችው። ሲሻለው አባቴን፣ «ብረት የምታከማችባትን ክፍል ልቀቅለት፤ ልጁ ጨዋ ነው» አለችው። አባቴ ብረቱን አወጣ፣ ልጁ ገባ። የጀብራ ቡድን ውስጥ ሲመዘገብም ዋሱ እሷው ሆነች።

ጥዑሜ ኳስ ብዙም አይችልም ነበር። ኳሷ እግሩ ሥር ስትገባ እንግዳ ነገር እንዳገኘ ሰው ያያታል። ግን አይደክምም። መንዝ ተወልዶ፣ ከልጅነቱ የረጅም ርቀት ሯጭ ነበር። ሌላው በሁለተኛው አጋማሽ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲያለከልክ፣ እሱ ያኔ መጀመሩ ነው። «እስቲ እንደ ሰው ድከም!» ይሉት ነበር የባሕሪ ልጆች።

ጠዋት ጠዋት፣ ሰማዩ ገና አመድማ እያለ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ሥር ይሮጣል። እኔ የአባቴን ትልቅ ሰዓት አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በብስክሌት እከተለዋለሁ። ኮቴው አይሰማም። የሚሰማው የኔ ብስክሌት ሰንሰለት ብቻ ነው። አውሮፕላን ሲነሳ ሁለታችንም አንገታችንን አቅንተን እናያለን፤ እሱ ግን ፍጥነቱን አይቀንስም።

«ጥዑሜ፣ ማንም ሳያባርርህ ለምንድን ነው የምትሮጠው?»

«እንዳልረሳው።»

የፖሊስ መኪና ከሩቅ ሲያይ ድንገት ወደ ቅያስ ይታጠፍ ነበር። እኔ ኩርባ የሚለማመድ ይመስለኝ ነበር። በሰዓቴ ይዤ፣ «ዛሬ ኩርባው ቆንጆ ነው» እለዋለሁ። እሱም «ተሻሽያለሁ አይደል?» ይላል። መኖሪያ ወረቀት እንዳልነበረው ያወቅኩት ኋላ ነው።

አንድ ጊዜ ስለ አገሩ ነገረኝ። ለትልቅ ቡድን ተመርጦ ስሙ ዝርዝር ላይ ወጥቶ ነበር። በማግስቱ ሲሄድ በእሱ ቦታ የሌላ ሰው ስም ተጽፏል። «ስምንት ሰው አብሮኝ ዝርዝሩን አይቷል። ስጠይቃቸው አንዱም አላየሁም አለ» አለኝ። ከዚያ የጫማውን ማሰሪያ ጠበቅ አደረገና ሮጠ። ስለ ወረቀት የሚያወራ ሰው ሲያይ ፊቱ የሚጠቁረው ለዚህ ይሁን አይሁን ያኔ አላሰብኩትም።

ስለ ወረቀት የሚያወራው ደግሞ ኦመር ነበር። ኦመር ሱዳናዊ ነው፤ ከአባቴ ጋር ዐሥር ዓመት አንድ ወርክሾፕ የበየደ፣ ከሥራ በኋላ ባሕሪ ውስጥ የአንድ ክለብ ሯጮችን የሚያሠለጥን። አንድ ጠዋት መጥቶ ጥዑሜን ሲሮጥ አየ። ሰዓቴን ከአንገቴ ላይ ነጥቆ አየ፣ አራገፈው፣ ደግሞ አየ። «ገብረየስ፣ ወላሂ ይኼ ሰው አይደለም፣ ጂን ነው» አለ። ከዚያ ለጥዑሜ ቃል ገባለት፤ ክለቡ ያስመዘግብሃል፣ በክለቡ ስም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀት፣ ይወጣልሃል፣ በሰላም ተቀምጠህ በሰላም ትሮጣለህ። ቡክራ፣ ኢንሻላህ፤ ነገ ማለቱ ነው። ቡክራ ሳምንት ሆነ። ከዚያ የኦመር አባት አትባራ ላይ ሞቱና ኦመር ሄደ። «ወረቀቱን የሚፈርመው ሰውዬም እዚያው ነው፤ ወረቀቱን ይዤ እመለሳለሁ» ብሎ ነበር። ሦስት ሳምንት አለፈ።

«ይመጣል» ይላል አባቴ።

«ይመጣል፣ ጋሼ» ይላል ጥዑሜ፣ ጫማውን እያየ።

አንድ ረቡዕ ከሩጫ ስንመለስ የብስክሌቴን ወንበር ይዞ አቆመኝ። «ጥልዬ፣ ሰኞ እሄዳለሁ» አለኝ። «ሩቅ ነው። ከብዙ አገር የመጡ ልጆች ናቸው፤ ሱማሌም አለ፣ ኤርትራም፣ የዳርፉር ልጆችም። ለማንም አትናገር።»

ልቤ በደስታ ዘለለ። ከብዙ አገር የመጡ ልጆች አንድ ላይ የሚሄዱበት ነገር ለኔ አንድ ብቻ ነው፤ ውድድር። በረሃ መሆኑንም ስጠይቀው አልደበቀኝም። በረሃ ላይ የሚደረግ ውድድር እንዳለ ቴሌቪዥን ላይ አይቻለሁ። «ታሸንፋለህ?» አልኩት። የብስክሌቴን ወንበር ለቀቀና፣ «አንዳንዱ ይጨርሳል» አለኝ።

እንዴት አድርጌ ዝም ልበል? ማታ እራት ላይ ለእናቴ በጆሮዋ ነገርኳት። የኔ ሹክሹክታ ደግሞ ጎረቤት ይሰማዋል። አባቴ ጉርሻውን አፉ ሳያደርስ መለሰው። «ሰኞ ነው ያለህ?» አለኝ። «ውድድር ነው» አልኩት። ተነስቶ እጁን ታጠበና ወጣ። ከበሩ ሆኜ ሳይ ወደ እትዬ እጅጋየሁ ቤት ነው የታጠፈው። ጥዑሜ ቡድናችንን ሳያስፈቅድ ለውድድር መሄዱ አናዶት ሊከስሰው ነው ብዬ አሰብኩ።

ዓርብ ጀብራ ከካርቱም ሁለት ጋር ተጋጠመ። አቧራው ቀይ ነበር። እኔ እንደ ወትሮዬ የወጣ ኳስ ለማምጣት ቀኝ መስመር ላይ ቆሜያለሁ። እረፍት ሲያልቅ አባቴ በአጠገቤ አለፈ፤ ግራ እጁ ጭብጥ ነበር። በጣቶቹ መካከል ቀይ ነገር ታየኝ። ማንም ገና አልወደቀም፣ ማንም አልተጣላም። ይህችን አንዲት ነገር ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እዚህ እስክጽፋት ድረስም ለማንም ተናግሬያት አላውቅም።

ጥቂት ቆይቶ ጥዑሜ በመስመሩ ላይ ኳስ እየገፋ መጣ። የካርቱም ሁለቱ ገዛኸኝ ሊቀማው ሲሮጥ እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ገባና በግንባሩ ተደፋ። በመካከላቸው ሁለት ክንድ ያህል ነበር። ፊሽካው ተነፋ። አባቴ የወደቀውን አላየም፣ ጉድጓዱንም አላየም። የጥዑሜን ፊት ነበር የሚያየው። ቀዩን ካርድ አወጣ።

ከዚያ የጀብራ ሰው ገነፈለ።

«ጋሽ ገብረየስ፣ ዓይንህን ብየዳ በላው እንዴ!»

«መነጽር ግዙለት!»

ጥዑሜ አልጮኸም። ወደ አባቴ ቀረብ ብሎ፣ «አልነካሁትም፣ ጋሼ» አለ፤ ልክ አንድ ነገር የረሳን ሰው እንደሚያስታውስ። አባቴ «ውጣ» አለው። «ዓርብ ኮሚቴ ፊት ትናገራለህ።»

ያን ምሽት ከአባቴ ጋር ማውራት አቆምኩ። ሰኞ ጥዑሜ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ሲቀመጥ ሲነሳ ዋለ። ከቀትር በኋላ አንድ ልጅ መጥቶ በር ላይ አንሾካሾከለት፤ ጥዑሜ እምቢ በማለት ራሱን ነቀነቀ፣ ልጁ እየተሳደበ ሄደ።

«ውድድሩ አመለጠህ?» አልኩት።

«ሌላ አለ።»

«ለምን አልሄድክም? ካርድ የኳስ ነው፤ ለሩጫ አይሠራም።»

«እትዬ እጅጋየሁ ድንጋይ ተሸክማ ሜዳ መሃል ትቁም?» አለኝ። «እንደ ልጅ በአንቀልባ አዝላኝ ነው ያዳነችኝ። ዋስ ጥዬ የትም አልሄድም።»

በልጅነቴ ሒሳብ ነገሩ ግልጽ ነበር። ጓደኛዬ ምንም አላጠፋም። አባቴ በሐሰት አስሮታል። ያየ ሰው አለ፤ እኔ።

ዓርብ ኮሚቴው እትዬ እጅጋየሁ ምግብ ቤት ተሰበሰበ። ወንበሩ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፏል። ሻምበል ጀምበሬ ደብተራቸውን ገልጠው ሁለቱንም ጠየቁ። ጥዑሜ አልነካሁትም አለ። ገዛኸኝ ሲጠየቅ፣ «እኔ መውደቄን ነው የማውቀው፤ የጣለኝን ጣልከኝ ብዬ አልጠየቅኩም» ብሎ ሰው አሳቀ። አባቴ «ያየሁትን አይቻለሁ» አለ። ከዚያ ጫጫታው ተነሳ። አንዱ ዳኛ ከተሳሳተ ጨዋታው ይደገም ይላል፤ ሌላው ዳኛ ከተነካ ነገ ማንም አይዳኝም ይላል፤ ሦስተኛው በአገራችን ያጣነውን ፍርድ እዚህ በሰው አገር በኳስ እንኳ ካላገኘን ምን ቀረን ይላል። ይኼን ሲል ጥዑሜ ቀና ብሎ ሲያየው አይቻለሁ።

«ዝም በሉ» አሉ ሻምበል። «ምስክር አለ? ተጫዋች ያልሆነ፣ በቅርብ ሆኖ ያየ።»

ማንም አልተነሳም።

«እንግዲያው ምስክር እስኪገኝ ለሁለት ሳምንት ቀጥሬዋለሁ።»

«ደህና ቀጠሮ ነው» አለ አባቴ። ትከሻው ወረድ ሲል፣ ሲተነፍስ አየሁት። የዳነ ሰው ትንፋሽ ነበር። ያ ትንፋሽ ነው ከመቀመጫዬ ያስነሳኝ።

«እኔ አይቻለሁ» አልኩ።

ሳቁ። «ቁጭ በል፣ ኳስ ሲወጣ እንጠራሃለን» አለኝ አንዱ። ከጀብራ ሰዎች ግን አንድ ረጅም ሰው ተነሳና፣ «ምነው? የዳኛው ልጅ ነው። በገዛ አባቱ ላይ የሚዋሽ ልጅ አይታችኋል?» አለ። ሻምበል በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ።

«ማል።»

«ወላሂ...»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። «እዚህ ወላሂ የለም። በማርያም በል» አሉኝ።

«በማርያም። ጥዑሜ አልነካውም። ጋሽ ገዛኸኝ ብቻውን ነው የወደቀው። እግሩ ሑፍራ ገባ።»

«ምን ገባ?»

«ጉድጓድ ማለቱ ነው» አለ ገዛኸኝ ሳያስበው፤ ወዲያው አፉን ያዘ። እንደገና ሳቅ ሆነ።

«የት ቆመህ ነው ያየኸው?»

«መስመሩ ላይ። እስከዚያች ጠረጴዛ አይሞላም።»

«አባትህስ?»

«እሱም ቅርብ ነበር።»

ሻምበል እስክሪቢቶአቸውን አስቀመጡ። «ገብረየስ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ልጅህ ውሸታም ነው?»

አባቴ አየኝ። የተቆጣ አይመስልም ነበር። አንድ ከባድ ብረት ከአንድ ጫፍ ይዞ፣ ሌላውን ጫፍ የሚይዝለት ሰው እንደሚጠብቅ ዓይነት አስተያየት ነው ያየኝ። በሩ ላይ የቆመችው እትዬ እጅጋየሁ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አየኋት፤ እንደሚጸልይ ሰው። ጥዑሜም ወደ እኔ ዞሮ ነበር። አባቴ ጥዑሜን አየ፣ ደግሞ እኔን አየ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። አዎ ቢል፣ የአሥር ዓመት ልጅ ነው፣ ቀጠሮው ይጸና ነበር።

«ልጄ አይዋሽም» አለ።

«እንግዲያስ?»

«እንግዲያስ የካርዱ ጥፋት የኔ ነው።» ፊሽካውን ከአንገቱ አወለቀና ማንም ሳይጠይቀው ደብተሩ ላይ አስቀመጠው። ከዚያች ቀን በኋላ ዳኝቶ አያውቅም።

በትከሻ ላይ ወጥቼ ወደ ሜዳው የተወሰድኩት ያኔ ነው። እትዬ እጅጋየሁ በነጠላዋ ዓይኗን ስትጠርግ አይቼ፣ ድንጋይ ከመሸከም አዳንኳት ብዬ ኮራሁ።

ጥዑሜ ሜዳው ዳር ጠብቆኝ ነበር። ብርክክ ብሎ ቁመቱን ከቁመቴ አስተካከለ። «ያኔ ስምንት ሰው አይቶ አላየሁም አለኝ» አለ። «አንተ ብቻህን አየሁ አልክልኝ። ይኼን ይዤ ነው የምሄደው።» ዓይኑ ውስጥ የነበረውን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሐሰት አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት ሰዓቴን አንጠልጥዬ ስወጣ ክፍሉ ክፍት፣ ብርድ ልብሱ የታጠፈ ነበር። ለውድድሩ ደረሰ ብዬ እጄን አጨበጨብኩ።

ሊቢያ ውስጥ ኩፍራ ከደረሰ በኋላ አንድ ጊዜ ደውሎ ነበር፤ ለእትዬ እጅጋየሁ። «ደርሻለሁ፤ ለምስክሩ ሰላም በዪልኝ» ብሏታል። ከዚያ በኋላ ድምፁን የሰማ የለም። በሕይወት አለ የሚል የለም፤ ሞተ የሚልም የለም። እኔ ዛሬም ከአውቶቡስ መስኮት አንድ ቀጭን ሰው ኮቴው ሳይሰማ ሲሮጥ ካየሁ፣ መውረጃዬ ባልሆነ ፌርማታ ላይ እወርዳለሁ። ሲቀርብ ሌላ ሰው ነው። ቀሪውን መንገድ በእግሬ እሄደዋለሁ።

እውነቱን የሰማሁት ዳቦ ሰልፍ ላይ ነው። በፈረንጆቹ 2018 ሊያልቅ ሲል ካርቱም ውስጥ ለዳቦ ከንጋት ጀምሮ ይሰለፉ ነበር፤ አባቴም ካረፈ ዓመት አልፎታል። እትዬ እጅጋየሁ ከኔ ፊት ቆማለች፤ ጉልበቷን ስለሚያማት አሮጌ ጀሪካን ይዛ መጥታ እሱ ላይ ትቀመጣለች። ከኋላችን ሁለት ሽማግሌዎች ስለ መንግሥት ይከራከራሉ። አንድ ወጣት ተራ ዘሎ ሊገባ ሲል ሰልፉ ጮኸበት። እሷ ሳቀችና፣ «አባትህ ቢኖር ቀይ ካርድ ያወጣለት ነበር» አለች። ከዚያ ሳቋ ቀረ።

«ያኔ ረቡዕ ማታ መጣ» አለችኝ። «ልጁ ሰኞ ሊሳፈር ነው አለኝ። ብለምነው አይሰማኝም፤ አንቺን ግን አይጥልም። ዋስነትሽን ልጠቀምበት? ካርድ አወጣበትና ኦመር ወረቀቱን ይዞ እስኪመጣ ቀጠሮ በቀጠሮ አቆየዋለሁ አለኝ። ስምህስ አልኩት። ስሜ አይሞትም አለኝ።»

አንድ እርምጃ ተራመድን። ጀሪካኗን አነሳሁላት።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እኔማ በመሰከርክ ማግሥት ልነግርህ ነበር። እሱ ከለከለኝ። ልጁ እውነት ነው የተናገረው፤ እውነት በመናገሩ የሚሸማቀቅ ሰው ሆኖ እንዳያድግ አለ።» ዳቦ ሻጩ ቁጥሯን ጠራ። «በል ና፣ የኔ ጌታ፣ ተራችን ነው» አለች።

ዳቦውን ይዤ እንዴት ቤት እንደገባሁ አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ሜዳው አይደለም፤ የኮሚቴው ቤትም አይደለም። ጥዑሜ ከሄደ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ያለው ሰኞ ነው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ኦመር በራችን ላይ ቆሞ አገኘሁት። የመንገድ አቧራ ጋቢ ያለበሰው ይመስል ነበር። በፕላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት በሁለት እጁ ይዟል፤ የጥዑሜ ፎቶግራፍ ጥግ ላይ ተለጥፎበታል። «ሳሐባክ ወይን?» አለኝ እየሳቀ፤ ጓደኛህ የት አለ? «ውድድር ሄዷል» አልኩት በኩራት። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

አባቴ ድምፃችንን ሰምቶ ወጣና ክንዱን ይዞ ወደ ቅያሱ ወሰደው። እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ አየሁ። የሚሉት አይሰማኝም። አባቴ ሲናገር ቆየ። ኦመር ወረቀቱን እንደያዘ ግንባሩን በመዳፉ መታ፣ ከዚያ እጁን ዘርግቶ ጠየቀ፤ አንድ አጭር ጥያቄ። ማን ለቀቀው የሚል ይመስለኛል። አባቴ መልስ ለመስጠት ጊዜ አልወሰደም። ቀኝ እጁን፣ ብልጭታ ያነደደውን ያን ጠባሳም እጁን፣ ደረቱ ላይ አደረገ። እኔ ነኝ ማለቱ ነበር።

ኦመር ተቆጣው። ጮኸበት። ዐሥር ዓመት አብሮት የሠራ ሰው በአደባባይ ሲጮህበት አባቴ እጁን ከደረቱ ሳያነሳ ሰማ። ኦመር ወረቀቱን ሰጥቶት ዞር ብሎ ሳያየው ሄደ።

እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ፣ በመጨረሻ ጥፋቱን አመነ ብዬ አሰብኩ። የሐሰት ካርዱን፣ ጓደኛዬን ያሰረበትን። ከሁለት ሳምንት በላይ ያኮረፈው ልቤ ላላ አለ። አባቴ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከትቶ ሲገባ፣ ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

«አባባ» አልኩት፣ «ይቅር ብዬሃለሁ።»

ጎንበስ ብሎ አየኝ። እጁን ራሴ ላይ አሳረፈ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አለ።